ስድስት ደቂቃ ሊሞላ አምስት ሰከንድ የቀረው ዘፈን፦ የትኛውን ቅጂ ልግዛ ለምትሉ

የእንግሊዙን የሮክ ቡድን የኩዊንን «ኤ ናይት አት ዚ ኦፔራ» የተባለ አልበም በሸክላ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ሽፋኑን አድንቃችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ሸክላውን አውጡና ሁለተኛውን ገጽ እዩት። ቦሄሚያን ራፕሶዲ የተባለው ዘፈን የተቀመጠው እዚያ፣ ወደ መሃሉ ሊደርስ ሲል ነው። ከእሱ በኋላ የቀረው ከአንድ ደቂቃ ትንሽ የሚበልጥ፣ በጊታር የተሠራ የብሪታንያ ብሔራዊ መዝሙር ብቻ ነው። ቦታው ለሚሰማ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ሸክላው በደቂቃ 33 ከሲሶ ዙር ሲዞር፣ ዳር ላይ ያለው መስመር በመርፌው ሥር በሰከንድ 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ያልፋል፤ መሃል ወዳለው ወረቀት ሲጠጋ ግን ወደ 21 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ዙሩ ያው ነው፣ መንገዱ ግን አጥሯል። ባጠረው መንገድ ላይ ያው ድምፅ መስፈር ስላለበት ቀጫጭኑ ድምፅ ይጨናነቃል። የሲምባሉ ጭራ፣ የ«ስ» ፉጨት፣ ጉሮሮ የመጨረሻውን ከፍታ የሚነካበት ቦታ ሁሉ ይሻክራል። ድምፅ በድምፅ ላይ እንዲህ የተደራረበበት ዘፈን የተቀመጠው ደግሞ በዚሁ በጠበበው ቦታ ላይ ነው።

ሥራዬ የሰው ድምፅ መቅዳትና ማቀናበር ነው። ኮረስ መደረብ፣ ሦስት ሰው እንደ ሠላሳ ሰው እንዲሰማ ማድረግ የዘወትር ሥራዬ ነው። ኮምፒውተሬ የትራክ፣ ማለትም ለየብቻ የሚቀዳ የድምፅ መስመር፣ ገደብ አያውቅም። መቶ ትራክ ብፈልግ መቶ እከፍታለሁ፤ ዛሬ የወሰንኩትንም ነገ እሽረዋለሁ። ስለዚህ ይህን ዘፈን በሰማሁ ቁጥር የሚገርመኝ የድምፁ ብዛት ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ንብርብር አንዴ ከተወሰነ በኋላ ተመልሶ የማይከፈት መሆኑ ነው። አንድን ቅጂ «ጥሩ ነው» የምለው ያ ውሳኔ ሲሰማኝ ነው። በእጄ ያሉት የ2015ቱ ሸክላ፣ የ1975ቱ ትንሿ ባለ 45 ዙር ሸክላ፣ የ2011 ሲዲ እና በ2002 የወጣው የዙሪያ ድምፅ (ከፊትም ከኋላም ባሉ ስፒከሮች የሚሰማ) ዲስክ ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቅጂዎቹን ከማወዳደሬ በፊት ግን የምትገዙት ነገር እንዴት እንደተሠራ ልናገር፤ ያን ሳያውቁ ቅጂ መምረጥ አይቻልምና።

ዘፈኑ አዝማች የለውም። አምስት ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ሙሉ ወደ ኋላ ተመልሶ «ያንኑ ልድገምላችሁ» የሚልበት ቦታ አታገኙም። ያለ መሣሪያ በሚዘመር ኮረስ ይጀምራል፤ ወደ ሃምሳ ሰከንድ ግድም ፒያኖው ይገባና ለስለስ ያለ ባላድ ይሆናል፤ በሁለት ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ላይ የጊታር ሶሎ ይነሳል፤ ሦስተኛው ደቂቃ እንዳለፈ ኦፔራው ይፈነዳል፤ አራተኛው ደቂቃ እንዳለፈ ደግሞ ከባዱ ሮክ ይመጣል፤ አምስት ደቂቃ ሊሞላ ሲል ሁሉም ረግቦ ወደ ፒያኖው ይመለሳል። ስልቱ ብቻ ሳይሆን ቁልፉም (ዜማው የሚያርፍበት መነሻ ድምፅ) ይለዋወጣል፦ በቢ ፍላት ተነስቶ በኢ ፍላት አልፎ፣ ኦፔራው ላይ ወደ ኤ ዘልሎ፣ በኤፍ ያርፋል። ይህን በወረቀት ላይ ያየ ሰው የተለያዩ ዘፈኖች ቅራጭ ሊመስለው ይችላል። ሲሰማ ግን አንድ ነው፤ ለምን አንድ እንደሆነ መልሱን የሚሰጠው የአቀራረጹ ታሪክ ነው።

ዘፈኑ የቡድኑ ዘፋኝ የፍሬዲ መርኩሪ ነው። ፍሬዲ በ1946 ዛንዚባር ውስጥ ፋሩክ ቡልሳራ ተብሎ ተወለደ፣ ፒያኖ የተማረው ሕንድ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለ ነው፣ ወደ እንግሊዝ የመጣው በ1964 ነው። ጊታሪስቱ ብራያን ሜይ በተደጋጋሚ እንደተናገረው፣ ፍሬዲ ወደ ልምምድ የሚመጣው ከአባቱ መሥሪያ ቤት ያመጣቸውን ቁርጥራጭ ወረቀቶች ይዞ ነበር። ወረቀቶቹ ላይ ያለው ኖታ አይደለም። ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ በፊደል የጻፋቸው ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ናቸው። ቀሪው ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። በ2023 ለንደን ውስጥ በሶዝቢስ ጨረታ ንብረቱ ሲሸጥ የዚህ ዘፈን ረቂቅ ግጥሞችም ቀርበው ነበር። አንዱ ገጽ የብሪቲሽ ሚድላንድ አየር መንገድ ማስታወሻ ወረቀት ሲሆን፣ ከላዩ ላይ «ሞንጎሊያን ራፕሶዲ» ተብሎ ተጽፎ፣ የመጀመሪያው ቃል ተሰርዞ «ቦሄሚያን» ተተክቶበታል። በ1975 የገዛው ያማሃ ፒያኖም በዚያው ጨረታ ከ1.7 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጥቷል። ገንዘቡ አያስደንቀኝም፤ ረቂቁ ግን ያስደንቀኛል፤ ገጾቹ እየተጻፈ እየተሰረዘ፣ እየተጨመረ የተሠራ ሥራ መሆኑን ያሳያሉና። «አንድ ሌሊት መጣልኝ» የሚባል ዓይነት ዘፈን አይደለም።

ፕሮዲዩሰሩ ሮይ ቶማስ ቤከር ያነሳት የነበረች አንዲት ታሪክ አለች። እራት ለመብላት ሊወጡ ሲሉ ፍሬዲ ኬንሲንግተን በሚገኘው ቤቱ ፒያኖው ላይ ተቀምጦ የባላዱን ክፍል ይጫወትለታል፤ ከዚያ ድንገት ያቆምና የኦፔራው ክፍል የሚገባው እዚህ ጋ ነው ይለዋል። ተነስተው እራታቸውን ሊበሉ ይሄዳሉ። ለሌላ ፕሮዲዩሰር ይህ ዕብደት ይመስለው ነበር። ቤከር ግን ቀደም ሲል ዴካ የተባለው የሸክላ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ የዶይሊ ካርት ኦፔራ ቡድን ሥራዎች ሲቀዱ የነበረ ሰው ነው። የሰው ድምፅ በጅምላ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ቃል እንዴት ሳይዋጥ እንደሚወጣ ከዚያ ተምሯል። ሰዎች ስለዚህ ዘፈን ሲያወሩ ቤከርን ያሳንሱታል፤ እኔ አላሳንሰውም። ፍሬዲ የሰማውን ወደ ክር፣ ማለትም ድምፅ ወደሚቀዳበት ማግኔታዊ ቴፕ፣ የሚያወርድ ሰው ባይኖር ኖሮ ኦፔራው ኬንሲንግተን ይቀር ነበር።

ቀረጻው የተጀመረው በነሐሴ 1975 ማብቂያ ላይ፣ ዌልስ ውስጥ ሞንመዝ አጠገብ በሚገኘው ሮክፊልድ ስቱዲዮ ነው። ሮክፊልድ የእርሻ ቦታ ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች ኪንግስሊና ቻርልስ ዋርድ ወደ ስቱዲዮ የቀየሩት ሲሆን፣ ሙዚቀኞች እዚያው እያደሩ የሚቀዱበት የመጀመሪያው ስቱዲዮ ተብሎ ይታወቃል። የዚህ ዓይነት ሥራ እንዲህ ያለ ቦታ ይፈልጋል። በሰዓት ቆጥሮ «ጨርሱ፣ ሌላ ቡድን መጥቷል» የሚል ስቱዲዮ ውስጥ ለኦፔራው ብቻ ሦስት ሳምንት ግድም አይሰጥም። ለንደን ውስጥም ራውንድሃውስ፣ ሳርም፣ ስኮርፒዮ እና ዌሴክስ በተባሉ ስቱዲዮዎች ሥራው ቀጥሏል።

መጀመሪያ የተቀዳው መሠረቱ ነው፦ ፒያኖ፣ ቤዝና ድራም። ፍሬዲ ፒያኖው ላይ፣ ጆን ዲከን ቤዙ ላይ፣ ሮጀር ቴይለር ድራሙ ላይ። ባላዱ ለብቻው፣ ኦፔራው ለብቻው፣ ሮኩ ለብቻው ተቀድቶ በኋላ ተቀጠለ። መቀጠል ስል ቃሉን ቃል በቃል ያዙት። በምላጭ ክሩን ቆርጦ፣ በፕላስተር ለጥፎ ማያያዝ ማለት ነው። ቤከር እንደተናገረው ለኦፔራው መጀመሪያ የተተወለት ቦታ አጭር ነበር፤ ፍሬዲ ግን በመጣ ቁጥር አንድ ተጨማሪ «ጋሊሊዮ» ይዞ ይመጣል፣ ቤከርም ተጨማሪ ክር ቆርጦ ይቀጥላል። ኦፔራው ያደገው እንዲህ በክር ርዝመት ነው። ኮምፒውተር ላይ መዳፊት ጎትቶ ማስረዘም የለመደ ሰው፣ አንድ ቃል ለመጨመር ምላጭ ማንሳት ምን ዓይነት ድፍረት እንደሚጠይቅ አንድ አፍታ ቆም ብሎ ያስበው።

ባላዱን ስትሰሙ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው፣ ፍሬዲ አከርካሪውን ስለሚወርር ስሜት በሚዘፍንበት ስንኝ ላይ ከኋላ የምትሰማዋ የብርጭቆ ድምፅ የምትመስል ሽርሽርታ ናት። ብራያን ከጊታሩ ድልድይ (የጊታሩ ክሮች ተደግፈው ከሚያልፉበት ቁራጭ) ኋላ ያሉትን አጫጭር የጊታር ክር ጫፎች ነው የሚነካቸው። ጊታሩ ራሱ ሬድ ስፔሻል የሚባለው፣ ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር በእጁ የሠራው ነው፤ አንገቱ ከአሮጌ የእሳት ምድጃ መደርደሪያ እንጨት የተቀረጸ ነው፣ የሚመታውም በፕላስቲክ ሳይሆን በስድስት ፔኒ ሳንቲም ነው። ሁለተኛው ሶሎው ነው። በዚህ ሁሉ መደራረብ መካከል ሶሎው የተቀዳው በአንድ ትራክ ብቻ ነው። ብራያን የፍሬዲን ዜማ መድገም አልፈለገም፤ ከዜማው ጎን የሚቆም ሌላ ትንሽ ዜማ ነው የፈለገው። ከኦፔራው ግርግር በፊት ጆሮ አንድ ሰው ብቻ እንዲያዳምጥ ይፈቀድለታል። ለእኔ በዘፈኑ ውስጥ ካሉት ብልሃቶች ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ የለም፤ ብዙ ለመደረብ ሥልጣን ያለው ሰው አንድ ብቻ ሲመርጥ።

አሁን ወደ ኦፔራው። ርዝመቱ አንድ ደቂቃ ግድም ነው። እንደ ትልቅ መዘምራን ይሰማል፤ የዘፈኑት ግን ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ፍሬዲ፣ ብራያንና ሮጀር። ጆን ዲከን ድምፁን አልሰጠም። ሥራውን እንደየጉሮሯቸው ተከፋፈሉት። ብራያን ወደ ታች መውረድ ይችላል፣ ፍሬዲ መሃሉን በጉልበት ይሞላል፣ ሮጀር ደግሞ ጣሪያው የእሱ ነው። ኦፔራው ሊያበቃ ሲል ሌሎቹ ዝም ብለው ብቻዋን የምትቀጥለው ያቺ ቀጭን ድምፅ፣ ያ ከፍተኛ ቢ ፍላት፣ የድራሙ ተጫዋች ጉሮሮ ናት። በቀን ከ10 እስከ 12 ሰዓት ዘፍነዋል ይባላል፤ በአንዳንድ ክፍሎች የተደረበው ድምፅ 180 ይደርሳል።

እዚህ ላይ ነው የክሩ ጉዳይ የሚመጣው። የነበራቸው ክር ሁለት ኢንች ስፋት ያለው፣ 24 ትራክ የሚይዝ ነው። ለምሳሌ ብላችሁ አስሉት፦ አንድ ኮርድ ሦስት ድምፅ አለው፤ እያንዳንዱን ድምፅ ሦስቱ ሰዎች ዘፈኑት፤ ያንንም ለማወፈር አንዴ ደገሙት። ለአንድ ቃል 18 ትራክ ሄደ። ከመሠረቱ ፒያኖ፣ ቤዝና ድራም ጋር ስትደምሩት ክሩ ሞላ፣ ዘፈኑ ግን ገና ነው። ስለዚህ ያለው መንገድ ባውንስ ማድረግ ብቻ ነው፤ የተቀዱትን ድምፆች በአንድነት አመዛዝኖ ወደ አንድ ወይም ሁለት ትራክ መገልበጥ፣ በተለቀቁት ትራኮች ላይ እንደገና መዘመር፣ ያንን ደግሞ ከቀድሞው ጋር መገልበጥ። አንዴ ከተገለበጠ የብራያንን ድምፅ ትንሽ ቀንስልኝ፣ የሮጀርን ወደ ግራ ውሰድልኝ ማለት አይቻልም። ድርና ማጉ ተሸምኗል። አንዳንዱ ድምፅ እንዲህ እየተገለበጠ ስምንተኛ ትውልድ ላይ ደርሷል።

በእያንዳንዱ ግልበጣ ዋጋ ይከፈላል። ክሩ የራሱ የሆነ «ሽ» የሚል ድምፅ አለው፤ ሲገለበጥ የአዲሱ ክር «ሽ» በአሮጌው ላይ ይጨመራል። ቀጫጭኑ ድምፅ ትንሽ በትንሽ ይደበዝዛል። ክሩ ደግሞ ድምፁን በሚጽፈውና በሚያነበው የማሽኑ ክፍል ላይ ሲመላለስ ድምፁን የያዘው ቡናማ ማግኔታዊ ሽፋን እየተፋቀ ይሄዳል። ብራያን እንደሚተርከው ክሩን ወደ ብርሃን ሲያነሱት ወዲያ ማዶ ያሳይ ነበር። የኦፔራው መዘምራን ጠርዝ የሌለው፣ ጭስ የለበሰ፣ ከሩቅ አዳራሽ የሚመጣ የሚመስል መልክ ያለው አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በኮምፒውተር 180 ድምፅ ንጹሕ አድርጌ ብደርብ የማገኘው 180 ንጹሕ ድምፅ ነው፤ አንድ መዘምራን አይወጣውም። እዚህ ግን የክሩ ድካም ድምፆቹን አዋሃዳቸው። ይህን የምለው በሥራዬ ስለማየው ነው፦ ዛሬ ሰዎች ይህን መልክ በሶፍትዌር ሊፈጥሩት ይለፋሉ።

መደረብ ብቻውን ግን መዘምራን አይሠራም፤ ቅንብር አለበት። «ማኒፊኮ» የሚለው ቃል ላይ ድምፆቹ አብረው አይገቡም። አንዱ ገብቶ ይይዛል፣ ሁለተኛው ይጨመራል፣ ሦስተኛው ይጨመራል፣ ኮርዱ በጆሮአችሁ ፊት እየተገነባ እንደ ደወል ይንጠለጠላል። «ጋሊሊዮ» ሲባል አንዱ ከላይ ይጠራል፣ ሌላው ከታች ይመልሳል፤ ጆሮ ማዳመጫ ካደረጋችሁ አንዱ በዚህ ጆሮ ሌላው በዚያ ጆሮ ይመጣል። ከዚያ «ቢስሚላህ» የሚለው ሲነሳ ሁለት ጎራ ተከፍሎ የሚሟገት ሕዝብ ትሰማላችሁ፤ አንዱ ልቀቁት ይላል፣ ሌላው አንለቅም ይላል። የሰው ቁጥር ሦስት መሆኑን እያወቅሁ እንኳ በዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ሕዝብ ይታየኛል። ስካራሙሽ፣ ፊጋሮ፣ ብዔልዜቡል የሚሉትን ስሞች ትርጉም ፍለጋ ብዙ ተጽፏል። ፍሬዲ አላብራራውም፣ እኔም አልነካውም። ለድምፅ ሰው ግን ስሞቹ የተመረጡበት አንድ ምክንያት በግልጽ ይሰማል፤ አናባቢያቸው ክፍት ነው፣ ሲደረቡ አይጨማለቁም።

ሮኩ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ራሱ ያስረዳል። አንድ ነገር ብቻ፦ ያ ከባድ የጊታር ሐረግ የብራያን ይመስላል እንጂ የጻፈው ፍሬዲ ነው፣ በፒያኖ። ስለዚህ ለጊታር ጣት አይመችም፤ ያ አለመመቸቱ ነው ዱላ የሚመስለውን ጉልበት የሰጠው። መጨረሻው ላይ ሁሉም ሲረግብ ደግሞ ከፒያኖው ኋላ መለከት የመሰለ ለስላሳ ድምፅ ይሰማል። እሱም ጊታር ነው። ጆን ዲከን ከተጣለ ዕቃ መካከል ባገኘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የሠራት፣ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ አምፕሊፋየር ውስጥ አልፎ ነው እንዲያ የሆነው። ድምፁን ያልሰጠው ሰው እዚህ ጋ በእጁ ሥራ ገብቷል ማለት ነው። የመጨረሻዋን የጎንግ ምት የመታት ሮጀር ነው።

እንግዲህ ወደ ቅጂዎቹ።

የ2015ቱን ሸክላ ከሁሉ አስቀድሜ አነሳለሁ። ምንጩ ቦብ ሉድዊግ በ2011 ለቡድኑ 40ኛ ዓመት ያዘጋጀው ማስተር (ቅጂዎቹ የሚወጡበት የመጨረሻ ዝግጅት) ነው፤ ሸክላው የተቆረጠው ደግሞ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ውስጥ በግማሽ ፍጥነት ነው። በግማሽ ፍጥነት ማለት ሙዚቃውም፣ የመቁረጫው ማሽንም በእኩሌታ ዘግይተው ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ቆራጩ መርፌ ቀጫጭኑን ድምፅ ለመጻፍ እጥፍ ጊዜ ያገኛል። ከላይ ያነሳሁት የጠበበ መንገድ ችግር በዚህ አይጠፋም፤ ግን ይቀላል። በእኔ ማጫወቻ ላይ የሮጀር ከፍተኛ ድምፅ ሳይሰነጠቅ ይወጣል፣ የባላዱ ፒያኖ ሰውነት አለው፣ ኦፔራው ከሮኩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ የድራሙ መግባት ደረት ይመታል። ጉድለቱ ደግሞ ይህ ነው፦ መርፌያችሁ ያረጀ ወይም ጫፉ ተራ ሾጣጣ ከሆነ ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው፤ «ጋሊሊዮ» ላይ አሸዋ ይበተናል። በዚህ ገጽ ላይ ከ22 ደቂቃ በላይ ሙዚቃ ስለተጫነ ፋታ የለውም። መርፌ የማትቀይሩ ከሆነ ሸክላውን አትግዙ፤ ይህን በቅንነት ነው የምለው።

ባለ 45 ዙሯ ትንሽ ሸክላ ለብዙ ሰው የልብ ጉዳይ ናት። በጥቅምት 31 ቀን 1975 የወጣችው እሷ ናት፣ በጀርባዋ የሮጀር ዘፈን አለ። ፍጥነቷ ከፍ ስለሚል መጨናነቁ ይቀንሳል፤ በሰከንድ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ ተነስታ በ25 ያህል ትጨርሳለች። ነገር ግን ስድስት ደቂቃ የሚጠጋ ሙዚቃ በዚያች ትንሽ ገጽ ላይ ሲሰፍር መስመሮቹ መቀራረብ አለባቸው፣ ለመቀራረብም ድምፁ ዝቅ ተደርጎ መቆረጥ አለበት። ዝቅ ሲል የሸክላው ጭርጭርታ ይጎላል፤ መጀመሪያ ላይ ያለ መሣሪያ የሚዘመረው ኮረስ ደግሞ ጭርጭርታ የሚደብቅበት ቦታ የለውም። ያ ኮረስ በዘፈኑ ቪዲዮ ላይ አራቱም ሲዘፍኑት ብታዩም፣ የተሠራው ከፍሬዲ ድምፅ ብቻ፣ በራሱ ላይ ተደርቦ ነው። ለመስማት ሳይሆን ለመያዝ የምትገዙት ከሆነ ግን ግዟት። አሳታሚዎቹ «ረዝሟል፣ ሬዲዮ አይቀበለውም» ሲሉ፣ የሬዲዮ አቅራቢው ኬኒ ኤቨሬት በለንደኑ ካፒታል ሬዲዮ በሁለት ቀን ውስጥ 14 ጊዜ ያጫወተው ይህንኑ ሙሉ ርዝመት ነው። ብሪታንያ ውስጥ ለዘጠኝ ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ ፍሬዲ በኅዳር 1991 ከሞተ በኋላ እንደገና ወጥቶ ለአምስት ሳምንት አንደኛ ሆነ።

ሲዲው ለሥራ የምጠቀምበት ነው። የ2011ዱ ዝግጅት ድምፁን በግድ አላወፈረውም፤ ጸጥ ያለው ጸጥ እንዳለ፣ የሚጮኸው እንደሚጮህ ትቶታል። የዚህ ዘፈን ነፍስ ያለችው ከሹክሹክታ ወደ ነጎድጓድ በሚሄደው ርቀት ላይ ስለሆነ፣ ያን ርቀት የሚያሳጥር ዝግጅት ሁሉ ዘፈኑን ይገድለዋል። በሲዲ የመሃል መስመር ችግር የለም፤ ኦፔራው እንደ መጀመሪያው ደቂቃ ጥርት ብሎ ይመጣል። አንድ ሰው አንድ ቅጂ ብቻ ምረጥልኝ ቢለኝ፣ ማጫወቻው ምን ዓይነት እንደሆነ ሳልጠይቅ ይህን እሰጠዋለሁ። ያ የጭስ ልብስ የመሰለው የክሩ ድካም አልተፋቀም፤ ይህ ለእኔ ትልቁ ነጥብ ነው። ኦፔራው ሲጀምር ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ብትሰሙ፣ ከባላዱ ንጹሕ ፒያኖ ወደዚህ ወደደከመ መዘምራን ስትሻገሩ አየሩ ሲቀየር ታዩታላችሁ።

የ2002ቱን የዙሪያ ድምፅ ዲስክ ኤሊየት ሻይነር ከባለ ብዙ ትራኩ ክር ተነስቶ እንደ አዲስ ያመዛዘነው ነው። እዚህ ላይ ሐሳቤ ሁለት ነው። እንደ ባለሙያ ወድጄዋለሁ፤ ክፍሉ መሃል ተቀምጬ ድምፆቹ ከፊትም ከኋላም ሲጣሩ፣ ማን ምን እንደዘፈነ፣ የትኛው ድምፅ ከየትኛው ጋር አብሮ ተገልብጦ እንደታሰረ እለያለሁ። የታሰሩት አብረው ይንቀሳቀሳሉ፣ ሊነጣጠሉ አይችሉም፤ በ1975 የተወሰነው ውሳኔ ከ27 ዓመት በኋላ የመጣውንም አመዛዛኝ አስገድዶታል። ይህን መስማት ለሙያው ሰው ትምህርት ነው። እንደ አድማጭ ግን የሁለት ስፒከሩ ቅጂ ይበልጥብኛል። ቤከርና የድምፅ መሐንዲሱ ማይክ ስቶን መዘምራኑን ከፊቴ እንደ ግድግዳ አቁመውት ነበር፤ ዙሪያዬን ሲበተን ግድግዳነቱ ይቀራል። ድምፅ ለመማር ከሆነ ፈልጋችሁ ግዙት፣ ለመደሰት ከሆነ ይቆይ።

በስልክ በነጻ ስለሚታየው የዘፈኑ ቪዲዮም የሚጠይቁኝ አሉ። በኅዳር 1975 ኤልስትሪ ስቱዲዮ ውስጥ በጥቂት ሰዓታት የተቀረጸ ነው፣ ዳይሬክተሩ ብሩስ ጋወርስ ነው፣ እንደ ምስል ታሪክ ሠርቷል። እንደ ድምፅ ግን በስልክ ስፒከር የሚሰማ ሰው የጆን ዲከንን ቤዝ ጨርሶ አያገኘውም፣ ግራና ቀኙም አንድ ይሆንበታል። ቡድኑ ራሱ እንኳ ኦፔራውን መድረክ ላይ አልዘፈነውም፤ መብራቱ ሲቀየር አራቱም ከመድረክ ይወጡና ክሩ ይጫወታል፣ ለሮኩ ተመልሰው ይገባሉ። ሦስት ጉሮሮ በመድረክ ላይ መቶ ሰማንያ ሊሆን እንደማይችል ያውቃሉ፣ ስለዚህ አላስመሰሉም። ያንን አከብርላቸዋለሁ።

ስትሰሙ ከተቻለ በጆሮ ማዳመጫ፣ ጆሮን ግጥም አድርጎ የሚሸፍነውን ዓይነት ምረጡ። መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር ሳታቋርጡ ስሙት። ቀጥሎ ከሦስተኛው ደቂቃ ጀምራችሁ ሮጀርን ብቻ ተከተሉት፣ ከዚያ ብራያንን ብቻ ከታች ፈልጉት። አሮጌ ባለ 45 ዙር የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሻጩን መጨረሻውን አጫውትልኝ በሉት፤ የመጀመሪያው ደቂቃ ደህና ሆኖ ሮኩ ላይ የሚንጫጫ ከሆነ መስመሩ በከባድ መርፌ ታርሷልና፣ ምንም ያህል ቢቀንስላችሁ ተዉት።